ሮማን ለሚጎበኝ ሰው

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ሮማ ከተማ አክስቴ ዘንድ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ከተመለስሁ ወዲህ፣ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ከተማዋ የማይጠይቁኝ ቀን የለም። አንዱ «ኮሎሴዎ ውስጥ ገብተሃልን?» ይለኛል፤ ሌላው «እዚያ አንድ ቡና ስንት ይሸጣል?» ይላል። የታሪክ አስተማሪያችን ግን ይህን ሁሉ ጥያቄ በየደረጃው ላይ ቆመህ ከምትመልስ ለዓመቱ መጽሔታችን ጻፈው ብለው ስላዘዙኝ፣ ያየሁትንና የተማርሁትን፣ ያጠፋሁትንም ጭምር እንደሚከተለው ጽፌአለሁ። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ። የገንዘቡም ልክ እኔ በነበርሁበት ጊዜ የነበረው ነው።

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቪዛውን ማሰብ አለበት። ማመልከቻው ለጉዞው ቀን ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ግን 15 ቀን ሳይቀረው መግባት አለበት። የሚጋብዝ ዘመድ ካለ የግብዣ ደብዳቤ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን፣ እንደ እኔም ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላ የወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ በአንዱ ወረቀት ላይ የአባቴ ፊርማ ስለ ጐደለ ሁለተኛ ተመልሼ ተሰልፌአለሁ። ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚታሰበው ጫማ ነው። የሮማ መንገድ ብዙው ስፍራ በትናንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ስለ ሆነ፣ ሰው አይቶ እንዲያደንቀኝ ብዬ የገዛሁት አዲስ ጫማ በሦስተኛው ቀን ተረከዜን ልጦት በነጠላ ጫማ ስዞር ሰነበትሁ። ስለዚህ የለመዳችሁትን አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞም ወፍራም እግር ያለው የስልክ መሙያ በብዙው የኢጣልያ ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ ቀጭን እግር ያለው ግን ይገባል።

አይሮፕላኑ የሚያርፍበት ፊዩሚቺኖ ከከተማው መካከል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደ ከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ ወደ ቴርሚኒ በቀጥታ የሚሄደው ፈጣን ባቡር በ32 ደቂቃ ያደርሳል፤ ዋጋውም 14 ዩሮ ነው። ሌላው በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር 8 ዩሮ ሲሆን ቴርሚኒ አይገባም፤ ሆኖም በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ በኩል ስለሚያልፍ በዚያ ሰፈር ዘመድ ላለው ሰው ይሻላል። የከተማው አውቶቡስ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ነገር ግን ትኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም። አውቶቡሱ ውስጥ ባለችው ትንሽ መኪና ማሳተም ግዴታ ነው፤ ያልታተመ ትኬት የያዘ ሰው ተቈጣጣሪ ካገኘው እንዳልከፈለ ተቈጥሮ ይቀጣል። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቍጥር አውቶቡስ መንገደኛ የሚበዛበት ስለ ሆነ፣ አክስቴ ቦርሳዬን በደረቴ አሳዝለውኝ እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር የምሄደው።

አውቶቡስ ስጠብቅ በምሰሶው ላይ በላቲን ፊደል «ፌርማታ» የሚለውን ቃል ሳነብ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ቦርሳውም ቦርሳ፣ መኪናውም ማኪና ነው የሚባለው። በዚህ ተማምኜ ቡና ቤት ገብቼ «ማኪያቶ» ብዬ ባዝዝ ግን፣ እንደ እኛ አገር ወተት የሞላበት ብርጭቆ ሳይሆን ወተት ጠብ የተደረገባት የአንድ ጕንጭ ቡና ሰጡኝ። ቡና በቁም ሲጠጡ ርካሽ ነው፤ ወንበር ስበው የተቀመጡ እንደ ሆነ ግን ዋጋው ከፍ ይላል። ኢጣልያኖቹም ራሳቸው በቁማቸው ጠጥተው ይሄዳሉ።

ከቴርሚኒ ወጥቶ የሚገኘው ሰፊ አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ስንቱ ኢትዮጵያዊ ሻንጣውን እየጐተተ በዚህ ላይ ያልፋል! አምስት መቶዎቹ የተባሉት በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ፤ በላዩ የተተከለው ድንጋይ ግን የፈርዖን የዳግማዊ ራምሴስ ነው። በ1938 ዘርዓይ ደረስ የተባለው ወጣት ኤርትራዊ ሰይፉን መዝዞ ቍጣውን የገለጠው በዚህ ሐውልት ዘንድ ነበር። ከዚያም ተይዞ በሲሲልያ በአእምሮ ሕሙማን ቤት እንደ ተዘጋበት በ1945 አረፈ። እኔ በደረስሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከሐውልቱ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አክስቴ ሮማ ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሥራቸው የአንዲት አሮጊት ሴትዮ ጠባቂነት ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች በተለመደው ደንብ ዕረፍታቸው ሐሙስ ከቀትር በኋላና እሑድ ብቻ ነው። በአውቶቡስ ኮሎሴዎን ስንት ሺሕ ጊዜ እንዳለፉት አይታወቅም፤ ውስጡን ግን አንድ ቀን እንኳ ረግጠውት አያውቁም ነበር። «ለቱሪስት የሚከፈለውን ገንዘብ ለአያትህ ብልክ ይሻለኛል እያልሁ ቀረሁ» አሉኝ። እኔም ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን የኪስ ገንዘብ ቈጥሬ «እቴቴ፣ የዘንድሮውን እኔ እከፍላለሁ» ብዬ ለሐሙስ በስልክ ትኬት ገዛሁ። ለአዋቂ 18 ዩሮ ነው፤ በዚያው ትኬት ፎረም የተባለው የጥንቱ አደባባይና የፓላቲን ኮረብታም ይጐበኛሉ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ግን ከየትም አገር ቢመጣ በነጻ ይገባል። ትኬቱ ላይ የጐብኚው ስም ስለሚጻፍ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል።

ስልኩ የመግቢያውን ሰዓት ምረጥ ሲለኝ 10 የሚለውን ነካሁ። አክስቴ ከሥራ የሚወጡት ከቀትር በኋላ ነውና 10 ሰዓት መልካም ነው ብዬ አሰብሁ። ሐሙስ ዕለት አክስቴ ጸጕራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከእኔ ጋራ ተሰልፈን ከበሩ ደረስን። በር ጠባቂው ወረቀቱን አየና በጣቱ በመጀመሪያ 10 የሚለውን፣ ቀጥሎም የእጅ ሰዓቱን አመለከተን። ለካ የእርሱ 10 የእኛ ጧት 4 ሰዓት ኖሯል! ስድስት ሰዓት አሳልፈን መጥተናል። ያለፈ ትኬት እንደማይታደስ በትሕትና ነገረን። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አክስቴ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው «እስከ ዛሬ ከውጭ ያየሁትን ዛሬም ከውጭ ልየው» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁም ዓይናቸውን ጠረጉ። ስለዚህ አውሮፓ የምትሄዱ ሁሉ የቀጠሮን ሰዓት ስትጽፉ ጧት ወይም ማታ ብላችሁ ጨምሩበት። ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመርን በአንደኛ ክፍል የተማርነው ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

በሥራ ቀን አክስቴ ስለማይመቻቸው ብቻዬን እዞር ነበር። ካየሁት ሁሉ ልቤን የወሰደው ፓንቴዎን ነው። ይህ ቤት በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን በ126 ገደማ ተሠርቶ ያለቀ የጣዖት ቤት ነበር፤ በ609 ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ቆየ። የጣሪያው ጕልላት ስፋት 43.3 ሜትር ነው፤ ከመሬት እስከ ጫፉም ልክ 43.3 ሜትር ነው። ይኸውም አንድ ትልቅ ኳስ ቢገባበት ልክክ ብሎ ይቀመጣል ማለት ነው። ውስጡ አንድም ብረት የሌለበት የኮንክሪት ጕልላት ሆኖ እስካሁን በዓለም ላይ የሚተካከለው የለም። ታዲያ በምን ቆመ? ግንበኞቹ ከታች ከባዱን ድንጋይ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ቀለል ያለውን፣ ከጫፉ ላይ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣውን በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ድንጋይ ከኖራው ጋራ አደባልቀውበታል። የጕልላቱ ውፍረት ከሥሩ ስድስት ሜትር ያህል ሲሆን ከላይ አንድ ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው። ከመካከሉም ክብደት ለመቀነስና ብርሃን ለማስገባት ክብ ቀዳዳ ትተውለታል። ዝናብ ሲዘንብ በዚያ ይገባል፤ ወለሉም ውሃው የሚሰርግባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። በደጁ የቆሙት 16ቱ አምዶች እያንዳንዳቸው 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ሲሆኑ ድንጋያቸው ከግብፅ በመርከብ የመጣ ነው። መግቢያው 5 ዩሮ ነው፤ ለተማሪ ዕድሜ ግን በነጻ ነው። የፀሐዩ ብርሃን በግድግዳው ላይ ሲሄድ እያየሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜአለሁ።

የትሬቪ ፏፏቴ ውብ ነው፤ በ1762 ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን ጐብኚው የሚጥልበት ሳንቲም እየተለቀመ ለድኾች ይውላል። ነገር ግን በቀን የሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው፤ በማለዳ መሄድ ነው። የሚጠጣ ውሃ መግዛት ግን ገንዘብ መጣል ነው። በየመንገዱ ዳር «ናሶኒ» ማለት «ትልልቅ አፍንጮች» የሚባሉ ከብረት የተሠሩ ቧንቧዎች ሌሊትና ቀን ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያፈስሳሉ። አፍንጫውን በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ አፍ ይወረወራል። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ሸሚዜን አረጠብሁት። የኦገስት ሙቀት ብርቱ ስለ ሆነ ጠርሙስ ይዞ ከዚያ መሙላት ነው። በዚያው ወር በ15ኛው ቀን ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል ስላለ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ እንጀራ ቢያምራችሁም አታገኙም ማለት ነው።

ወደ ቫቲካን የሚሄድ ሰው ወንድም ሆነ ሴት ትከሻውንና ጕልበቱን የሚሸፍን ልብስ መልበስ አለበት። ከቅዱስ ጴጥሮስ ደጅ በቍምጣ መጥተው የተመለሱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ነጠላ ያላት የእኛ አገር ሴት ግን አትቸገርም። አደባባዩን የከበቡት የቤርኒኒ አምዶች 284 ሲሆኑ በአራት ረድፍ ቆመዋል። በመሬቱ ላይ ምልክት የተደረገባት አንዲት ክብ ድንጋይ አለች፤ በእርሷ ላይ ሲቆሙ ሦስቱ ረድፎች ከፊተኛው ኋላ ተሰውረው አንድ ረድፍ ብቻ ይታያል። እኔ ከዚያች ድንጋይ አንድ እርምጃ እየወጣሁና እየገባሁ ስጫወት ሕፃናት ከኋላዬ ተሰለፉ። በመካከሉ ያለው ሐውልትም ከግብፅ የመጣ ነው። ክብደቱ ከ300 ቶን በላይ ሲሆን በ1586 ዶሜኒኮ ፎንታና የተባለው መሐንዲስ በ900 ሰዎችና በብዙ ፈረሶች አስጐትቶ አሁን ባለበት ስፍራ አቆመው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ አይከፈልም። ጕልላቱ ላይ ለመውጣት 551 ደረጃ አለ፤ ለዚያ ይከፈላል። ደረጃው ወደ ላይ እየጠበበ ከግድግዳው ጋራ ስለሚጋደል ልብ ድካም ያለበት ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ከላይ ሆኜ ቍልቍል ስመለከት አንድ ዘበኛ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝና ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ በአትክልቱ መካከል ያለ አንድ ሕንጻ በጣቱ አሳየኝ። የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው። ከዚያው አጠገብ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ እንዲሆን ተሰጥቶ ነበር። ይህን በመጽሐፍ ያላነበበ ጓደኛ ቢኖር ልብ ብሎ ይስማኝ፤ የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በዚህች ከተማ ነው። በ1513 ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ የዳዊትን መዝሙር አሳተመ። ቀጥሎም በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው ጋራ ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ይህ የያዛችሁት መጽሔት የታተመበት ፊደል የመጀመሪያ እርሳሱ የፈሰሰው ከዚያ ማለት ነው። ስፍራው ለማንም ክፍት ስላልሆነ አልገባሁም። ሆኖም እግሬ እየተንቀጠቀጠ የወጣሁበትን 551 ደረጃ አልቈጨኝም።

እሑድ ደረሰ። በኢጣልያ መንግሥት እጅ ያሉ ቤተ መዘክሮችና ጥንታዊ ስፍራዎች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም በነጻ ይከፈታሉ። ይህን የነገሩኝ አክስቴ የሚጠብቋቸው ሴትዮ ናቸው፤ የእኔን ጥፋት ሰምተው ኖሯል። በነጻው እሑድ ትኬቱ የሚሰጠው እዚያው ስለ ሆነ ማልዶ መሰለፍ ያስፈልጋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል (እነርሱ 6 ሰዓት ተኩል በሚሉት) ከቤት ወጥተን፣ ዳቦና እንቍላል ይዘን ከሰልፉ ገባን።

ኮሎሴዎ በንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ዘመን ተጀምሮ በ80 በልጁ በቲቶ ተመረቀ። ይህ ቲቶ በ70 ኢየሩሳሌምን ያጠፋው ነው፤ ከዚያ የተማረከው ሀብት ለሕንጻው ወጪ እንደ ዋለ ይነገራል። ወደ 50,000 ሕዝብ ይይዝ ነበር። በምድር ቤቱ 80 ቅስት በሮች ነበሩት፤ ሕዝቡ የሚገባባቸውም ቍጥር ተቀርጾባቸው ስለ ነበር ሰው እንደ ዛሬው በትኬቱ ቍጥር በሩን ፈልጎ ይገባ ነበር። ቍጥሩ ዛሬም በአንዳንዱ ቅስት ላይ ይነበባል። ግድግዳው በጥይት የተደበደበ የሚመስለው፣ በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘውን ብረት እየፈለፈሉ ስለ ወሰዱት ነው። በ1349 በምድር መንቀጥቀጥ በደቡብ በኩል ያለው ውጫዊ ግድግዳ ፈረሰ፤ የወደቀውም ድንጋይ ለሌላ ቤት መሥሪያ ሆነ።

ከላይ ሆኖ ሲታይ የወለሉ ሳንቃ ስለ ጠፋ ከሥር ያለው ጓዳ ሁሉ ተገልጦ ይታያል። አራዊቱና የሚፋለሙት ሰዎች ወደ ላይ የሚወጡበትን ሰዓት የሚጠብቁት በዚያ ጨለማ ነበር። እኔ ስለ ቅስቱ አሠራር ለአክስቴ ሳስረዳ እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጓዳው አልነቀሉም። «እነዚህ ምስኪኖች ከላይ ሕዝቡ ሲጮኽ ይሰሙ ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኋቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ቅስት መናገሩን ተውሁ። ጥቂት ቆይተው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አሳረፉና ለሴትዮዋ ፎቶግራፍ ላኩላቸው። መልሱ ወዲያው መጣ። ሴትዮዋም ሮማ ተወልደው፣ 88 ዓመት ኖረው፣ ኮሎሴዎ ውስጥ ገብተው አያውቁም ኖሯል።

ከኮሎሴዎ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል በትልቁ መንገድ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የጥንቱ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ፣ ከእርሱም ፊት ለፊት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ ይገኛል። በመካከሉ ያለው አደባባይ ፖርታ ካፔና ይባላል። የጐብኚ መጽሐፍ ስለዚህ ስፍራ ብዙ አይናገርም። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው ግን እዚህ ላይ ነው። በ1937 በሙሶሊኒ ትእዛዝ ተወስዶ፣ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ ከነበረው ከዚሁ ሕንጻ ፊት ተተከለ። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ቃል ብትገባም 58 ዓመት ፈጀ። በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2003 ፈርሶ በሦስት ተከፈለ፤ በ2005 በትልቅ አይሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 በስፍራው ተተከለ። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል ነው። ዛሬ በፖርታ ካፔና ሣር፣ የሚያልፍ መኪናና ሁለት የጥንት አምዶች ብቻ አሉ።

አክስቴ መንገዱን በጥንቃቄ ተሻግረው ከአንድ ስፍራ ቆሙና «እዚህ ላይ ነበር» አሉኝ። ሮማ በገቡበት በመጀመሪያው ዓመት ቋንቋውን ሳያውቁ፣ የሚያነጋግራቸው ሰው ሳይኖር፣ ሐሙስ ሐሙስ ከቀትር በኋላ መጥተው ከሐውልቱ ሥር ዳቦአቸውን ይበሉ ነበር። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን በርና መስኮቶች እየቈጠሩ የቤት ዕቃ እንደሚያዘጋጅ ሰው ይህ ምድር ቤት፣ ይህ ፎቅ እያሉ በልባቸው ይኖሩበት ነበር። በኋላ በብረት መሰላል ተከቦ ማፍረስ ሲጀመር ቆመው አይተዋል።

«ታዲያ ሲሄድ ደስ አላለዎትም?» አልኋቸው።

«እንዴት ደስ አይለኝም! አለቀስሁ እንጂ በደስታ» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፣ «ነገር ግን ልጄ፣ ሐሙስ ሐሙስ የምሄድበት አጣሁ» አሉኝ።

አክሱም ሄደው ሐውልቱን አላዩትም፤ እኔም አላየሁትም። በዚያው ሣር ላይ ተቀምጠን የቀረውን እንቍላል በላን። ሴትዮዋ መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት ሰዓት ስለ ተቃረበ አክስቴ በጥድፊያ ተነሥተው ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወረዱ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ዘወር ብለው «አንተ ልጅ፣ ትኬትህን አሳትም!» ብለው ጮኹብኝ።